ከአባዬና ከኔ ለጣቢያው ልጅ ምስጋና፣ ባቡር ለከበዳችሁ ደሞ ጥቆማ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ባቡር ላይ ስላሳፈረን አንድ የጣቢያ ሰራተኛ ይሄን የምፅፈው አባዬ «ስልክሽ ላይ ፃፊልኝ፣ ሰው ይወቀው» እያለ ሶስት ቀን ሙሉ ስለጨቀጨቀኝ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ሆዴ ውስጥ ይዤው መተኛት አቅቶኛል። አባዬ ስትሮክ ካገኘው በኋላ በዊልቸር ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ቀኝ እጁ ይሰራል ግራው ግን እሺ አይለውም፣ ለፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን መመላለስ አለብን። የባቡር ጣቢያው ከቤታችን ቅርብ ሆኖ ሳለ ሁለት አመት ሙሉ አልተሳፈርንበትም።

ለምን ላላችሁኝ፣ የመጀመሪያ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሊፍቱ ይሰራል፣ ቲኬት ቆርጠን ፕላትፎርሙ ላይ በሰላም ደርሰናል፣ ባቡሩ መጥቶ በሩ ሲከፈት እኔ ምንም ሳላስብ ወደፊት ገፋሁት፣ የዊልቸሩ የፊት ትንንሽ ጎማዎች በፕላትፎርሙና በባቡሩ መሀል ያለው ክፍተት ውስጥ ገብተው ተሰነቀሩ። አባዬ ወደፊት ተንደረደረ፣ ቀበቶ ባላስርለት ኖሮ በግንባሩ ነበር ሚወድቀው። የበሩ ደወል ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ አራት ሰዎች ሮጠው መጡና ከነዊልቸሩ ብድግ አርገው አስገቡት። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፉ አላሰቡም፣ ግን አንዱ ብብቱን ይዞታል፣ ሌላው የእግሩን ማሳረፊያ ይጎትታል፣ «አባባ፣ እንዴት እናግዝዎት» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አባዬ ማታ ላይ «እንደ ጆንያ ጫኑኝ» አለ። ከዛ ቀን በኋላ ባቡር ሲነሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ባለፈው ወር ፊዚዮቴራፒ ስንጠብቅ ያገኘናት አንዲት እሷም በዊልቸር ምትንቀሳቀስ እህት ነች «ጣቢያው ላይ እገዛ ሚሰጥ ሰራተኛ አለኮ፣ ሳትመጡ በፊት ደውላችሁ ንገሩት» ያለችን። አባዬን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

እና ደውለን ሄድን፣ ልጁ መጣ። ወጣት ነው፣ የጣቢያውን ጃኬት ለብሷል። ሰው ሁሉ ሚያረገው ምን መሰላችሁ፣ ከአባዬ ጭንቅላት በላይ እኔን እያየ «የት ነው ሚሄደው?» ነው ሚለው። ይሄ ልጅ ግን እኔን አላየኝም፣ ቁጢጥ አለና የአባዬን አይን እያየ «እንደምን አደሩ አባባ፣ ወዴት ነው ሚሄዱት? ዊልቸሩን እኔ ልያዘው ወይስ ልጅዎ ትግፋ?» አለው። ልጠይቃችሁ፣ ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ዊልቸሩ አካሉ ማለት ነው፣ ሳያስፈቅዱ ከኋላ መግፋት ትከሻን ይዞ እንደመጎተት አደለም እንዴ? አባዬ ትንሽ ዝም ብሎ «አንተ ያዘው» አለ። ሁለት አመት ሙሉ እምቢ ያለው ሰውዬ።

ከዛ ልጁ እኛ በተለምዶ ምንቆምበት ቦታ ላይ አልቆመም፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ወሰደን። «እዚህ ጣቢያ መስመሩ ኩርባ ስላለው ክፍተቱ በየበሩ ይለያያል፣ ከኋላ ሁለተኛው ፉርጎ ጋር ነው ጠበብ ሚለው» አለን። ለካ ፉርጎው ቀጥ ያለ ነው፣ ፕላትፎርሙ ደሞ የታጠፈ ነው፣ ቀጥ ያለ ነገር ከታጠፈ ነገር ጋር ሲጠጋ የሆነ ቦታ ላይ መራቁ አይቀርም፣ ያን ቀን እኔ አባዬን የገፋሁት ክፍተቱ በጣም በሚሰፋበት በር ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ የከተማ ባቡር ጣቢያ ያወጡት መስፈርት ክፍተቱ ከ7.6 ሴንቲሜትር፣ የወለሉ ከፍታ ልዩነት ደሞ ከ1.6 ሴንቲሜትር አይበልጥም ይላል። 1.6 ማለት የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ነው በቃ። ያቺ ለጤነኛ እግር ምንም ያልሆነች ክፍተት ናት አባዬን ሁለት አመት ከባቡር ያራቀችው።

ባቡሩ ሲመጣ ተንቀሳቃሽ ራምፑን፣ ማለትም ክፍተቱ ላይ እንደ ድልድይ ሚነጠፈውን ጠፍጣፋ መወጣጫ፣ ዘረጋ፣ ጫፉ በደንብ መቀመጡን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አርጎ አረጋገጠ፣ «አባባ፣ ልንገባ ነው፣ ዝግጁ ነዎት?» ብሎ ጠይቆ በፊት ለፊት አስገባው፣ ለዊልቸር በተተወው ቦታ ላይ አስቁሞ ፍሬኑን በሁለቱም በኩል ያዘ። ሲወርድ ደሞ ጀርባውን አዙረን ወደኋላ እንድናወርደው ነገረኝ፣ ሰውዬው ወደፊት እንዳይንሸራተት፣ የፊት ጎማዎቹም የራምፑ ጫፍ ላይ እንዳይነክሱ። ይሄን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፣ ሆስፒታል ዊልቸሩን ሲሰጡን እንኳን።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዛ በኋላ ያረገው ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል ስልኩን አውጥቶ ምንወርድበት ጣቢያ ላለው ባልደረባው ደወለ፣ የትኛው ባቡር እንደሆነ፣ ስንተኛው ፉርጎ፣ የትኛው በር፣ አንድ ዊልቸር፣ እዛ ያለው ሊፍት እየሰራ መሆኑንም ጠየቀ። እኔ መንገዱን ሙሉ ባንወርድስ፣ በሩ ቢዘጋብንስ እያልኩ ነበር፣ ደርሰን በሩ ሲከፈት አንዲት ሴት ራምፕ ይዛ እኛ በር ፊት ለፊት፣ ሌላ በር ሳይሆን እኛ በር ፊት ለፊት ቆማለች። አባዬ በቀኝ እጁ እጄን ጨበጥ አደረገኝ።

ስንመለስ ደሞ ያው ልጅ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ሲያግዝ አየሁት። ክንዱን ይዞ አልጎተተውም፣ ክርኑን ሰጠው፣ ወጣቱ ራሱ ያዘውና ግማሽ እርምጃ ከኋላው ተከተለው። በመሀል ቢጫዋ ጎርበጥባጣ መስመር ላይ የፅዳት ባልዲ ተቀምጦ ነበር፣ ልጁ አንስቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ብዙ ሰው ያቺን መስመር ጌጥ ነው ሚመስለው፣ ረጃጅሞቹ ጭረቶች «በዚህ ሂድ» ማለት ናቸው፣ ክብ ክቦቹ ነጠብጣቦች ደሞ «ቁም፣ ጠርዝ አለ» ማለት ናቸው፣ በነጭ ዱላና በእግር ነው ሚነበቡት። ሴይቺ ሚያኬ ሚባል ጃፓናዊ አይኑ እየደከመ ለነበረ ወዳጁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈለሰፈው፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ዓይነ ስውራን ሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ተነጠፈ። ባልዲ ሲቀመጥበት ግን መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሊፍቱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት ሚባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1972 ሲከፈት ሊፍት የነበረው ሃሮልድ ዊልሰን ሚባል ራሱ ዊልቸር ተጠቃሚ የሆነ ሰው ገና ሲታቀድ ጀምሮ አመታት ሙሉ ስለወተወታቸው ነው። በ1863 ስራ እንደጀመረው የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር ያሉት የድሮ መስመሮች ደሞ መከራቸው ይሄው ነው፣ ሲሰሩ ማንም ስላላሰበበት አሁን ከተማ ስር ቆፍሮ ሊፍት መጨመር ከባድ ስራ ነው፣ ፓሪስ እንኳን በ1998 የተከፈተው መስመር 14 ከመጀመሪያው ታስቦበት ስለተሰራ ነው ለዊልቸር ሚመቸው። የተባበሩት መንግስታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያፀደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀፅ 9 ላይ ትራንስፖርት በስም ተጠቅሷል፣ ስለዚ አባዬ ባቡር ላይ መውጣቱ ውለታ አደለም፣ መብቱ ነው። ምስጋናዬ ልጁ መብቱን እንደ መብት ስለሰጠው ነው።

አሁን ጥቆማው። ቤታችሁ ዊልቸር ያለው ወይ ማየት የተሳነው ወይ በክራንች ሚሄድ ሰው ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ለጣቢያው ደውሉ፣ መነሻው ላይ ብቻ ሳይሆን መድረሻውም ላይ ሊፍት ይሰራ እንደሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ባቡር ላይ ወጥቶ መውረድ አለመቻል ከመቅረት የባሰ ነው። ዊልቸሩ በኤሌክትሪክ ሚሰራ ከሆነ ንገሯቸው፣ ክብደቱ ለራምፑም ለሰራተኛውም ወሳኝ ነው፣ ስፋቱንም ለኩ። ሰውየው ደገፍ ተደርጎ ትንሽ መቆም ይችል እንደሆነ፣ የቱ ጎኑ እንደሚያመው፣ የት ቢነካ እንደማይወድ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን የተሳሳትኩት አለመጠየቄ ነው።

ለልጁ አለቆችም አንድ ነገር ልበል፣ በከሰአት ፈረቃ አንድ ቀን ሄደን ነበር፣ ሰራተኛው ትሁት ነው ግን የቱ በር ጋር ክፍተቱ እንደሚጠብ አያውቅም ነበር፣ እኛ ነን የነገርነው። እባካችሁ ይሄን ልጅ ሌሎቹን እንዲያሰለጥን አርጉት፣ እውቀቱ ፈረቃው ሲያልቅ አብሮት ቤት እንዳይሄድ። ስሙን እዚህ ያልፃፍኩት ሳላስፈቅደው ስለሆነ ነው፣ ጣቢያው ግን ያውቀዋል፣ በአካል ሄጄም አስተያየት መስጫው ላይ ፅፌያለሁ።

ይሄን ፅፌ ጨርሼ ለአባዬ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና «ጨርቁንስ?» አለኝ። ልጁ ያሳፈረን የመጀመሪያው ቀን ዘንቦ ነበር፣ ራምፑ ረጥቧል፣ ልጁ ከመዘርጋቱ በፊት ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወልውሎታል። እኔ ቲኬቱን እየፈለግኩ ስለነበር አላየሁም። አባዬ አይቷል፣ ፃፊው ብሏል፣ ይሄው ፅፌዋለሁ።