ልጄ ሽሙጥን እንዲለይ ላስተማረችው መምህርት

ሰላም እናቶችና አባቶች። ይህን የምጽፈው በተለይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ነው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ያነባል፣ ሒሳብ ይወዳል፣ የሰማውን አይረሳም። ሽሙጥ ግን አይገባውም ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ከትምህርት ቤት መጣና «እማዬ፣ አንተ እኮ ሮናልዶ ነህ አሉኝ፤ እኔም አመሰግናለሁ አልኳቸው» አለኝ። ባዶ ጎል ስቶ እንደነበር የነገረችኝ ታላቅ እህቱ ናት። ሲስቁበት አብሯቸው ስቋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ ቀን ደግሞ ታክሲ በር ላይ ቆም ሲል ረዳቱ «ምንጣፍ ይነጠፍልህ?» አለው። ልጄ መሬት መሬቱን እያየ ምንጣፉን ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ ነው በጎረቤት በኩል ይህችን የልዩ ፍላጎት መምህርት ያገኘኋት። ማክሰኞና ቅዳሜ ቤታችን እየመጣች 7 ወር አስተማረችው።

የመጀመሪያውን የቤት ሥራ የሰጠችው ለእኔ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረውን ሽሙጥ አንድ ሳምንት በደብተር ጻፊ አለችኝ። ከ20 በላይ ሆነ። ውሃ ሲደፋ «ጎሽ! ድገመው!»፣ አርፍዶ ሲነሳ «ጌታው ነቁ?»። አብዛኛው ከእኔው አፍ የወጣ ነው። ይህን ሁሉ ልጄ እንደወረደ ሲቀበለው ኖሯል።

እኔ «ድምፁን አዳምጥ» ብላ የምትጀምር መስሎኝ ነበር። የድምፅ ቅላጼ ለእሱ ከሁሉም የሚከብደው ስለሆነ ግን ለኋላ አቆየችው። በ3 ጥያቄ ጀመረች፦ የሆነው ምንድን ነው? የተባለው ምንድን ነው? ሁለቱ ይገጥማሉ? ውሃው ተደፋ፤ «ጎሽ» ተባለ፤ አይገጥምም። ቀጥላ ካሮል ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀችውን የሥዕል ዘዴ አመጣች። ሰውየውን በጥቂት መስመር ትስለዋለች፤ የተናገረውን በአንድ ክብ፣ ያሰበውን በሌላ ክብ ውስጥ ትጽፋለች። ልጄ «የአፍ ክብ» እና «የልብ ክብ» አላቸው።

አንድ ነገር አስገረመኝ። አንቱ የማይባል ልጅ ድንገት «እርስዎ» ወይም «ጌታው» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ ሽሙጥ ነው። አማርኛን እያወራሁት ኖሬ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። የቃል ምልክት ስለሆነ ልጄ በ1 ሳምንት ያዘው። ድምፁ ግን 4 ወር ፈጀ። አጎቱ «ጎበዝ» የሚለውን አንዴ ከልቡ፣ አንዴ በሽሙጥ እያለ ስልክ ላይ ቀዳላት፤ እሱን ደጋግመው ያደምጡ ነበር።

መሃል ላይ የተበላሸም ነገር አለ፤ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ልጄ እውነተኛውን ምስጋናም መጠርጠር ጀመረ። አክስቱ «ሹራብህ ያምራል» ስትለው «ሽሙጥ ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ ከፋት። መምህርቷ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላሳበበችም። «እኔ አንዱን ወገን ብቻ አብዝቼ አስተማርኩት» አለችና 3 ሳምንት ሙሉ ከልብ የሚነገር ምስጋና ላይ ብቻ ሠራች። እኔ ያመንኳት ያን ጊዜ ነው።

የወዳጅ ተረብና የሚያቆስል ሽሙጥ ልዩነት ላይ አሁንም ይቸገራል። ግራ ሲገባው ግን «እየቀለድክ ነው ወይስ የምርህን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል። ሲጠይቅ ሰዎች ቀጥተኛ መልስ እንዲሰጡት የክፍል ኃላፊውን ሄዳ ያነጋገረችው እሷ ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ተጨማሪ ሳይከፈላት።

ባለፈው እሑድ አያቱ፣ ማለትም እናቴ፣ «ጌታው፣ ምሳ አልጋዎ ድረስ ይምጣልዎት?» አለችው። ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሳና «አያቴ፣ መጣሁ! እጄን ልታጠብ» አለ። እናቴ እስካሁን ለሰው ሁሉ ታወራዋለች።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ልጄን አንዴም ሳታስቸኩዪው እዚህ አድርሰሽልኛል።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ ለምትጠይቁኝ ግን ራሷን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ለጊዜው ሐሙስ ከሰዓት ክፍት ናት፤ ሳሪስና ጎተራ አካባቢ ላላችሁ ይቀርባታል። ክፍያውን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። ከመምጣቷ በፊት ደብተር ገዝታችሁ ጠብቋት።