ልጃችንን ከጥቅልል ላስወጣችልን ሲስተር ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት የክትባት ክፍል ነርስ ነው። የምትሠራው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ስሜ በአደባባይ አይጻፍ ስላለችኝ ሁላችንም እንደምንጠራት "ሲስተር" እላታለሁ።

ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ ሳይጠቀለል ተኝቶ አያውቅም ነበር። ጥቅለላው የአማቴ ሥራ ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛው ጋር ቆይተዋል። እጃቸው ደግሞ የተባረከ ነው። በስስ ነጠላ ሸብ ሲያደርጉት ልጁ ወዲያው ጭጭ ይላል። ሦስት ወሩን ሲይዝ ግን ከነጥቅልሉ ትከሻውን እየገፋ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀመረ። ባለቤቴ "በቃ፣ ከዚህ በኋላ አይጠቀለልም" አለች። አማቴ "ያልተጠቀለለ ልጅ ወገቡ አይጠናም፣ እግሩም ይወላገዳል" አሉ። እኔ ከሁለቱ መሀል ሆኜ ዝም።

ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ሁላችንም ተያይዘን ሄድን። ክፍሉ እንደ ልማዱ ጢም ብሏል። ሲስተር ልጁን ከከተበች በኋላ "ማታ እንዴት ነው የምታስተኙት?" አለችን። ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አፏን ስትከፍት አማቴ ቀደሟት። ሲስተር አላቋረጠቻቸውም። እስኪጨርሱ ሰምታ "እማማ፣ እስካሁን በደንብ ይዘውልናል። አሁን ግን ጎርምሷል፣ እጁን ይፈልገዋል" አለቻቸው። አማቴ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ ከእኛ ይልቅ በጥሞና የሰሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ከምንም በላይ የማመሰግናት ለዚች ነገር ነው። አያትን ሳያሳፍሩ ማስተማር ብዙ ባለሙያ የማይችለው ጥበብ ነው።

ያስረዳችን እንዲህ ነው። ጨቅላ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ድንገት እጁን ዘርግቶ ብርግግ ይላል። ከ3 እና 4 ወር ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ 6 ወር ገደማ ይተወዋል። መጠቅለል እንቅልፍ የሚሰጠው ያንን ብርግግታ ስለሚይዝለት ነው። ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ግን ያው ጨርቅ አደጋ ይሆናል። እጁ ታስሮ በሆዱ ከዞረ ፊቱን ከፍራሹ ማንሳት ያቅተዋል፣ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ መጠቅለሉን ማቆም ያለብን ሲገለበጥ ሳይሆን ገና መሞከር ሲጀምር ነው። በኋላ ሳነብ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ያወጣው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለ እግሩም አማቴን አልሸነገለቻቸውም። እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ ማሰር የዳሌ መጋጠሚያን ይጎዳል እንጂ እግር አያቃናም አለች። ሕፃን ጉልበቱን አጥፎ እግሩን ወደ ጎን መክፈት መቻል አለበት። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር አገር አቀፍ ዘመቻ ተደርጎ የዳሌ ውልቃት በጣም ቀንሷል።

እኛ ቀስ በቀስ ልናስለምደው አስበን ነበር። ሲስተር ግን ገና መዞር ላልሞከረ ልጅ አንድ እጁን አውጥቶ ለጥቂት ሌሊቶች ማየት ይቻላል፣ የእናንተው ጀምሯልና ዛሬውኑ ሁለቱም እጆቹ ይውጡ አለችን። በጀርባው አስተኙት፣ ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ትራስም አሻንጉሊትም ጋቢም አጠገቡ አይኑር። ሲነጫነጭ ቶሎ አታንሱት፣ መዳፋችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁት። ቀን ቀን ነቅቶ እያያችሁት በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፣ አንገቱና ክንዱ ይጠነክራል።

አልዋሽም፣ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። በራሱ እጅ ፊቱን እየመታ ይነቃል። ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል። ባለቤቴ ጠዋት ሥራ ትገባ ስለነበር ሌሊቱን እኔና አማቴ ተከፋፈልነው። ከዚያ አንድ ማታ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ራሱን አባብሎ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ።

ብርዱን እንዴት እናድርገው የሚለው ጥያቄ አማቴን እንቅልፍ ስለነሳቸው ለእኛ እንኳ ሳይነግሩን ብቻቸውን ጤና ጣቢያ ሄደው ሲስተርን ጠይቀዋት መጡ። የነገረቻቸው እጅጌ የሌለው፣ አንገቱና ብብቱ ልክ የሆነ፣ ከታች ሰፋ ብሎ የተዘጋ የመኝታ ልብስ እንዲሰፋለት ነው። ሾላ ገበያ አካባቢ ባለ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ከጥጥ ጨርቅ አሰፋንለት። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶ ባያውቅም በመጀመሪያው አገኘው። ዚፑ ከላይ ወደ ታች ስለሚከፈት ሌሊት ዳይፐር ለመቀየር ይመቻል። ሙቀቱ መብዛቱን የምናውቀው ማጅራቱን በመዳሰስ ነው፤ ካላበው አንድ ልብስ እንቀንሳለን።

አሁን አማቴ በየቡናው ላይ "ሲስተር እንዳለችው" እያሉ ለሰፈሩ አራስ ሁሉ ያስተምራሉ። ባለቤቴ ትስቃለች። ያኔ እሷ ስትናገር የሰማት አልነበረማ።

ልጃችሁን ልታስከትቡ የምትሄዱ ሁሉ ካርዱ ላይ ማህተም አስመትታችሁ ብቻ አትመለሱ። ስለ እንቅልፉ ጠይቁ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ምክሩም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ አያቲቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ማለዳ ወረፋው ይበዛል፣ ሲስተር ሰፋ ያለ ጊዜ የምታገኘው ረፋዱ ላይ ሰው ሲቀንስ ነው። የካ አካባቢ ያላችሁ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። የልብስ ሰፊውንም ሱቅ እንዲሁ።