ለእናቴ ወንበር ለሳበችላት ፋርማሲስት

ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሾላ ገበያ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት አለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣት!

እናቴ የልብ ድካም አለባት። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት ላሲክስ ታዘዘላት፤ ያው ፉሮሴማይድ የሚሉት፣ ባለ 40 ሚሊግራሙ። መጀመሪያ የገዛንበት ቦታ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። «የሚያሸና ነው፣ ማታ ማታ ትዋጠው» ብሎ ወርወር አደረገልን። እናቴ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ታድራለች። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ደረጃ! እሱም ሳያንስ እብጠቱ ተመልሶ መጣ። ሌላ ቦታ ስንጠይቅ «ዕድሜ ነው» አሉን። ይሄን ለመስማት ነው እንዴ ብር የምንከፍለው?

ይቺ ልጅ ግን ወንበር ስባ «እማማ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» አለቻት። ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ቦታው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ከዚያ «ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» አለች። ማንም ጠይቆን አያውቅም። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ለጉልበቷ የምትውጠውን ዳይክሎፌናክ አወጣች። ልጅቷ ክው አለች። ይሄ ማስታገሻ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ የላሲክሱን ሥራ ያዳክማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል አለችን። የቀረው ማብራሪያ ከእኔ አቅም በላይ ነበር። «መጠኑን እኔ አልነካም፣ የሐኪም ሥራ ነው» ብላ ለሐኪሙ የሚሰጥ ወረቀት ጻፈችልን። እሱም ዳይክሎፌናኩን አስቁሞ የኩላሊትና የፖታሺየም (ደም ውስጥ ያለ ማዕድን ነው) ምርመራ አዘዘ። ለካ ላሲክስ ፖታሺየምን በሽንት ያስወጣል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ያዛባል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅቷ ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይ ሣለችላት፣ ጠዋት ማለት ነው። አሁን እንቅልፏን ትተኛለች፣ ጫማዋም ገብቶላታል። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ትወጣለች። በጥቂት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ጨውም ቀንሰናል፤ ሽሮው አልጥም አለኝ ብላ ብታጉረመርምም!

ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። እባካችሁ የልብ ወይም የደም ግፊት ታማሚ ያላችሁ ሂዱ፣ አማክሯት። ስትሄዱም ታማሚው የሚውጠውን ሁሉ፣ የራስ ምታት ኪኒን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።