ዛንዚባር ወይስ ሩዶልሽታት? ለባህል ሙዚቃ ወዳጅ የትኛው ጉዞ ያዋጣል

ካዛንችስ ሳይፈርስ በፊት አዝማሪ ቤት አብረን የምናመሽ አራት ጓደኛሞች ነበርን። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ቡና ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን ዕቁብ እንጣል ተባባልን። ዕጣ የወጣለት ሰው ውጭ አገር ሄዶ ቅዳሜና እሁድን የባህል ሙዚቃ ሲሰማ ከርሞ ይመለሳል። እኔ ዛንዚባርን በዕቁቡ፣ ጀርመንን ደግሞ በራሴ ኪስ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ «የቱ ይሻላል?» እያለ ይጠይቀኛል። መልሱ በአንድ ስኒ ቡና አያልቅም፣ ስለዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የታንዛኒያዋ ደሴት የዛንዚባር ፌስቲቫል «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» ይባላል፣ በስዋሂሊ «የጥበብ ድምፆች» እንደማለት ነው። በ2004 ተጀመረ። በ2016 ገንዘብ አጥሮት ሳይካሄድ ከመቅረቱ በቀር በየየካቲቱ ስቶን ታውን የሚባለውን አሮጌ ከተማ ያደምቃል። ዋናው መድረክ የኦማን ዓረቦች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠሩት ምሽግ ውስጥ ነው። የጀርመኑ፣ የሩዶልሽታት ፌስቲቫል፣ ዕድሜው ይበልጣል። በ1955 በምሥራቅ ጀርመን የጭፈራ በዓል ሆኖ ተጀመረ፣ አገሪቱ ከተዋሐደች በኋላ በ1991 የዓለም ሕዝቦችን ሙዚቃ የሚያሰማ ፌስቲቫል ሆኖ እንደ አዲስ ተነሳ። ቱሪንገን በሚባለው የጀርመን ግዛት ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በጁላይ መጀመሪያ፣ ከሐሙስ እስከ እሁድ ይካሄዳል።

ከሙዚቃው በፊት ቪዛውን እናንሳ። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

ለጀርመን የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው ቪዛ፣ ያስፈልጋል። ክፍያው ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ግን ጊዜው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀውን ስትጨምሩበት መጋቢት ላይ ያልጀመረ ሰው ሐሳቡን ለሚቀጥለው ዓመት ቢያስተላልፍ ይሻለዋል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ የጉዞ ወኪል «ሦስት ሳምንት ይበቃሃል» አለኝ፣ አመንኩት፣ ቪዛው እጄ ሲገባ የዚያ ዓመቱ ፌስቲቫል አልፏል። ያን ቀን የተሰማኝን ለማንም አልመኝም።

ለዛንዚባር የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል። መደበኛው የአንድ ጊዜ መግቢያ 50 ዶላር ነው። ከጥቅምት 2024 ወዲህ ደሴቱ ላይ የሚገባ የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የራሷን ኢንሹራንስ በ44 ዶላር መግዛት አለበት። ሌላ አለኝ ማለት አያድንም። ለሁለቱም ጉዞ ዶላሩን ወይም ዩሮውን ባንክ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋችኋል። ወጪውን በብር ማስላት ደግሞ ብዙም አያዋጣም፣ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ዛሬ የሠራችሁት ሒሳብ በወሩ ላይሠራ ይችላል።

መንገዱም አይመሳሰልም። ዛንዚባር በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ሥራ መግባት ይቻላል። ለሩዶልሽታት ሌሊቱን ፍራንክፈርት ድረስ ትበራላችሁ፣ ከዚያ ባቡር እየቀየራችሁ አራት ሰዓት ገደማ ትጓዛላችሁ። ከሥራ ሳምንት ሙሉ ፈቃድ ካላገኛችሁ አትሞክሩት።

አሁን ወደ ሙዚቃው።

ታራብ የሚባለው የዛንዚባር የባህል ሙዚቃ መጀመሪያ ሲሰማ ግብፅ ያላችሁ ይመስላችኋል። ቃኑንና ኡድ የሚባሉት የዓረብ የክር መሣሪያዎች አሉ፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን አሉ። ግጥሙ ግን ስዋሂሊ ነው፣ ደግሞም ውስጠ ወይራ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ እንደምንለው እነሱም በተሸፈነ ቃል ይነጋገራሉ፣ ለጎረቤት ወይም ለጣውንት የታሰበች ነገር በዘፈን ተጠቅልላ ትላካለች፣ የተላከላት ሴት ታውቀዋለች፣ ሌላው ዜማውን ብቻ ይሰማል። መልእክቱ ልቧን የነካት ሴት ከተቀመጠችበት ትነሳለች። እየተወዛወዘች ወደ ዘፋኟ ሄዳ ብር ታስጨብጣታለች። እኔ ይህን ሳይ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር የምንለጥፍበት ሌሊት መጣብኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ የሚሆነውን ግን አውቀዋለሁ። ሲቲ ቢንቲ ሳድ የምትባለዋ ዘፋኝ በ1928 ቦምቤይ ድረስ ሄዳ በስዋሂሊ ሸክላ ያስቀረፀችው ከዚችው ደሴት ተነስታ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ፌስቲቫሉ ላይ ታራብ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ከመላ አፍሪካ የሚመጡ ባንዶች ናቸው የሚበዙት። ሁሉም በቀጥታ ይጫወታሉ፣ ሲዲ ከፍቶ አፍ ማንቀሳቀስ የለም። ታራብ መጥገብ የፈለገ ሰው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይግባና እዚያው ስቶን ታውን ውስጥ በ2002 የተከፈተውን የዳው ካንትሪስ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይጎብኝ።

ሩዶልሽታት ከ20 በላይ መድረክ አለው። ገበያው አደባባይ ላይ፣ ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ፣ ኮረብታው ላይ በተሠራው የሃይደክስቡርግ ቤተ መንግሥት ግቢ ሁሉ ይዘፈናል። ሁሉን ላዳርስ ያለ አንዱንም በወጉ ሳይሰማ ይመለሳል። ለኔ ግን ትልቁ ነገር የመንገድ ዳር ሙዚቀኞቹ ናቸው። ማሲንቆዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ተቀምጬ ትዝታ ስጫወት ኒክልሃርፓ የሚባለውን የስዊድን መሣሪያ የያዘ ሰው አጠገቤ ቁጭ አለ። ቅኝቱን በጆሮው ፈልጎ ወዲያው አገኘው፣ ምክንያቱም የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ለእነሱም እንግዳ አይደሉም። ባቲ የሚባለውን ቅኝታችንን በጥቂት ሙከራ ያዘው። አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ጣቱ ጠፋበት። እየደጋገምን ሞከርን። ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ማንም አላስነሳንም። ዛንዚባር እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም። እዚያ አድማጭ ነበርኩ፣ ሩዶልሽታት ግን አስጫወተኝ።

ምግብ የሚያስጨንቀው ካለ፣ የሩዶልሽታቱ ጊዜ ሁልጊዜ የሐዋርያት ጾም ላይ ይውላል። አትስጉ፣ ጀርመን ውስጥ ሥጋም ወተትም የሌለው ምግብ ማግኘት ቀላል ነው። ዛንዚባር ፎሮዳኒ መናፈሻ ማታ ማታ የሚሸጠው ዓሣ ስሙ የታወቀ ነው። ስቶን ታውን የሙስሊም ከተማ ስለሆነ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጎ መሄድ ተገቢ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ቀን ይደክመዋል። ጀርመን በድንኳን የሚያድር ሰው ደግሞ ጋቢውን ይያዝ።

እንግዲህ ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአገር ወጥቶ ለማያውቅ፣ ፈቃዱ አጭር ለሆነ፣ አዝማሪ ቤት ለናፈቀው ሰው ዛንዚባር ይሻለዋል። መሣሪያ የሚጫወት ሰው ግን፣ ክራርም ይሁን ዋሽንት፣ ገንዘቡን ትንሽ ቆይቶ አጠራቅሞ ሩዶልሽታት ይሂድ። ልጆች ይዞ ለሚጓዝም ጀርመኑ ይቀላል፣ መናፈሻው ውስጥ ለልጆች የተለየ ዝግጅት አለ። እኔ በሚቀጥለው ዕጣ የምመርጠው ዛንዚባርን ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ያቺን ከመቀመጫዋ የተነሳች ሴት ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ዛንዚባር ለምትሄዱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል። አንድ ጊዜ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ካርዱ የሚሠራው ግን ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ተከተቡ።