ያገለገለው የጣውላ መላጊያ ማሽን ከዘጠኝ ወር በኋላ

ከዘጠኝ ወር በፊት የገዛሁት ያገለገለ የጣሊያን መላጊያ ማሽን እንዴት እንደሆነልኝ የሚጠይቁኝ የሙያ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። ለሁሉም አስቀድሜ የምነግራቸው በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ስላገኘኋቸው ሦስት አጫጭር የመዳብ ሽቦዎች ነው።

የገዛሁት በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው። ኮልፌ በሚገኘው አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤቴ በርና አልጋ ስንሠራ ጣውላውን ለማስላግ በጋሪ ወደ ማሽን ቤት እንልክ ነበር፤ በወረፋው፣ በጋሪው ኪራይና ተልጎ የሚመጣው ዋንዛ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ምክንያት በእጅ መላጊያ በምንደግመው ሥራ የአንድ በር ትርፍ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። አዲስ ልግዛ ብል በአቅሜ የሚገኙት ጠረጴዛቸው ስስ የሆነ ቀላል ማሽኖች ናቸው። ይህኛው ግን 41 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ የሚልግ፣ ጠረጴዛው ወፍራም ጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) የሆነ፣ በስሪ ፌዝ ማለትም በሦስት የኃይል መስመር የሚሠራ ከባድ ማሽን ነው።

ሻጩ ባዶውን አስነስቶ አሳየኝ፤ ድምፁም ንጹሕ ነበር። «ወንድሜ፣ ከአውሮፓ እንደመጣ ነው፤ ሞተሩን የነካው ሰው የለም» አለኝ፤ አመንኩት።

የመጀመሪያው ወር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ወር የአሥራ ሁለት የዋንዛ በሮች ትእዛዝ ተቀብለን ከጠዋት ጀምሮ ያለ ዕረፍት ስንልግ ከወደ ሞተሩ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ፤ መዳፌን ባሳርፍበት ለአፍታ እንኳ የሚያስችል አልነበረም። በማግስቱ አጓርቶ ቆመ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የማብሪያውን ሳጥን ሲከፍት ሞተሩ ከልኩ በላይ ኃይል ሲስብ የሚያጠፋው ኦቨርሎድ በቦታው ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱም ፌዞች በአጫጭር ሽቦዎች እርሱን ዘልለው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ገብተዋል። ሞተሩን ፈትተን የወሰድንላቸው፣ የተቃጠለ ሞተርን የውስጥ ሽቦ አውጥተው በአዲስ የሚጠመጥሙ አዛውንት ደግሞ ክዳኑን አንሥተው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ከዚህ በፊት ተጠምጥሟል፤ ያውም ቀጭን ሽቦ ነው የገባበት» አሉኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ቀጭን ሽቦ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፤ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብም ኦቨርሎዱ እንደ ተግባሩ ደጋግሞ ያጠፋዋል፤ አንድ ሰው ሞተሩን በወጉ በማስጠገን ፈንታ የሚያስጠነቅቀውን ዕቃ አፍ ዘጋ።

ሻጩ ይህን ቢያነብ «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም» ይል ይሆናል። ያገለገለ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት። ቺንጋው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቀየርኩ። የመላጊያው ጥቅልል ኩሽኔታዎች ይጮኹ ነበር፤ እነርሱንም ቀየርኩ፤ ስለ አንዱም ቅሬታ አላቀረብኩም፤ ዕቃ ያረጃል። ሦስት ሽቦ ግን በእርጅና አይመጣም፤ ሰው ለክቶ ቆርጦ፣ ጫፉን ልጦ፣ በካቻቢቴ ያሰረው ነው። ወለሉ ሁልጊዜ ሰጋቱራ በሆነበት፣ ሌሊት ጥበቃው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚግል ሞተር ያለ መከላከያ መሸጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቦት ያውቅ እንደሆነ ዛሬም ባገኘው እጠይቀዋለሁ። ለእኔ የደረሰብኝ የማስጠምጠሚያው ገንዘብና አሥራ አንድ ቀን የቆመ ሥራ ነው፤ ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን ልትገዙ የምትሄዱ ሁሉ ባዶውን መዞሩ አያታልላችሁ። ሰፊና ደረቅ የዋንዛ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱና ግማሽ ሰዓት አስልጉበት፤ ከዚያ ሞተሩን ዳስሱ። በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ፣ የሚስበውን አምፔር በሞተሩ ሳህን ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ፤ የእኔው ሳህን 8.5 ይላል፤ በትክክል ከተጠመጠመ ወዲህ ባዶውን ሲዞር 4 ያህል ነው የሚስበው። ሻጩ የማብሪያውን ሳጥን አልከፍትም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ማሽኑን ግን አልሸጠውም። ሞተሩ ከተጠገነ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ጠረጴዛው ላይ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ ሳቆም በሥሩ ብርሃን አያልፍም፤ የላገውን ዋንዛ ሁለቱን ገጥሜ ስይዝ መጋጠሚያው በጥፍር አይዳሰስም። ጣውላ ወደ ማሽን ቤት መላክ ካቆምንም ቆየን።

አዲሱን ኦቨርሎድ ራሴ ቆሜ ነው ያስገጠምኩት፤ 8.5 ላይም አስደረግኩት። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ፌዝ ጎድሎ ነበር፤ ይህን ሳላውቅ ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ሳይዞር አጓራ፤ ጥቂት ሰከንድ እንደቆየ ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ዝም አለ። ሄጄ ዳሰስኩት፤ ለብ እንኳ አላለም።