መኪናችሁ እየሞቀች ያስቸገረቻችሁ የጅማ ሰዎች፣ ይህን መካኒክ ሳታዩ ሞተር አታስፈቱ

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማና አካባቢዋ መኪና የምትነዱ፣ በተለይ መኪናችሁ እየሞቀች ገንዘባችሁንም እንቅልፋችሁንም የጨረሰችባችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። ከአጋሮ ወደ ከተማ ስትገቡ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ። ታፔላ የለውም። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፣ ሁለት ሦስት ተማሪዎች፣ በቃ። እግዚአብሔርም አላህም ይስጠው፤ የሁላችሁንም ምርቃት እፈልግለታለሁ።

መኪናዬ የድሮ ኮሮላ ናት። አባቴ የሚኖሩት አጋሮ ሲሆን የልብ ክትትላቸው ግን እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ በየቀጠሯቸው ሄጄ የማመጣቸው እኔ ነኝ። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለደህና መኪና ምንም አይደለም። እኔ ግን ውሃ የሞላ ጀሪካን ከኋላ ጭኜ፣ ዓይኔን ከሙቀቱ መርፌ ሳልነቅል፣ አባቴ ከጎኔ «ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ» እያሉኝ ነበር የምነዳው። የታመመ ሰው ይዞ እንዲያ መንዳት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የሞቀችው ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። ጊቤን ተሻግሬ ወደ አበልቲ የሚያወጣውን ዳገት ስይዝ መርፌዋ ቀዩን ነካች፣ ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ያንን ሸለቆ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ መጠጊያ የለም። የጭነት መኪና ሹፌሮች ቆመው ውሃ ሰጡኝ፣ እነሱንም ፈጣሪ ይባርካቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውሰው አሁንም ያመኛል። የጋራዦቹን ስም አልጠራም፣ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። መጀመሪያ የሄድኩበት የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው ራዲያተር ፋኑ ሞቷል ብለው ያገለገለ ፋን ገጠሙ፣ እግረ መንገዱን ራዲያተሩም ይቀየር ተባለ፣ ተቀየረ። መሞቋን አላቆመችም። ሌላ ቦታ ስወስዳት ዋተር ፓምፕ ነው አሉ። ተቀየረ፣ ያው ነች። በመጨረሻ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ (በቴስታታው) መሐል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ተብሎ ሞተሩ ተፈታ፣ ቴስታታው ሊላግ ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣ፣ መኪናዋ ከርማ ከርማ ስትወጣ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ገንዘብ ሁሉ አልቆ ነበር። በሳምንቱ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ ስጎተት መርፌዋ እንደገና ተሰቀለች። መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ ንግግራቸው ነው። ስጠይቅ አይመልሱልኝም። «አንቺ አይገባሽም፣ ባልሽን ላኪው» ይሉኛል። መኪናዋ የእኔ ናት፣ የምነዳት እኔ ነኝ፣ የከፈልኩት ከደሞዜ ቆጥቤ ነው። ገንዘቤን ሲቆጥሩ ባልሽ ይምጣ ያለኝ ሰው የለም። ሴት ሆናችሁ መኪና የምትይዙ እህቶቼ ይህን በደንብ ትረዱኛላችሁ።

እንግዲህ ወደዚህ ሰው ልምጣ። አባቴን ለቀጠሮ ይዤ ከአጋሮ ስገባ፣ ከተማው አፍ ላይ መርፌዋ ወጣች። ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ የባጃጅ ልጅ አይቶኝ «እዚህ ጋ ጎበዝ አለ» ብሎ ሄዶ ጠራልኝ። መካኒኩ እጁን እየጠረገ መጣና መኪናዋን ከማየቱ በፊት ውስጥ የተቀመጡትን አባቴን አየ። በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፣ ጤናቸውን ጠየቀ፣ ቀጠሮ እንዳላቸው ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ መኪናዋ ትደርሳለች፣ የአባት ቀጠሮ ግን አይጠብቅም» አለኝ። ያንኑ ባጃጅ አስቁሞ፣ አንዱን ተማሪውን አብሮ አሳፍሮ፣ ሂሳቡን ከኪሱ ከፍሎ ወደ ሆስፒታሉ ላካቸው። ልጁ ካርድ ክፍል ድረስ ደግፎ አስገብቷቸዋል፤ ዘመድ እስኪመጣም አልተለያቸውም። ለማላውቀው ሰው፣ ገና አንድ ብር ሳልከፍል። በእኔ በኩል መኪናዋ ባትሠራም ይህን ጽሑፍ እጽፍለት ነበር።

ወደ መኪናዋ ሲመጣ ደግሞ አንዲት ብሎን አልፈታም። ውሃ ልጨምር ብዬ ጀሪካኑን ሳነሣ ከለከለኝ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ የራዲያተሩም ክዳን ትኩስ እያለ ከተከፈተ ፊት ያቃጥላል አለኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ እስክትበርድ ድረስ ጠየቀኝ። እኔን! የምትሞቀው ቆማ ነው ስትሄድ? ሜዳ ላይ ስትፈጥኚ መርፌዋ ትወርዳለች? ውሃ ትጎድላለች? የትኛው ዕቃ መጀመሪያ ተቀየረ? ሁሉንም ነገርኩት፤ ከተማ ውስጥ ቀስ ስል እና ዳገት ላይ እንደምትብስ፣ በሰርቦ በኩል ሜዳውን ስፈጥን ግን እንደምትሻል። ራሱን ነቀነቀና «ጥሩ አድርገሽ ታያለሽ» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስዞር እንዲህ ያለኝ የለም።

ስትበርድ ክዳኑን ከፍቶ አስነሣት፣ ውሃው ውስጥ አረፋ እንደሌለ አሳየኝ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ዘይቱ ወተት እንዳልመሰለ አሳየኝ። ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው አለ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ፋኑ እስኪነሣ ጠበቀ። ፋኑ ተነሣ፣ እየዞረ ነው። ሁሉም እስከዚህ አይተውት ነበር፤ ፋኑ ይሠራል ብለው ያልፉታል። እሱ ግን ከተማሪው ደብተር አንድ ወረቀት ቀደደና ከፊት በኩል ራዲያተሩ ላይ አስጠጋው።

ወረቀቱ በረረ።

«አየሽ? መለጠፍ ነበረበት» አለኝ። ፋኑ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ፊት እየተፋ ነበር። ያገለገለውን ፋን ሲገጥሙ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጠው አስረዋቸዋል፣ በግልባጭ ነው የሚዞረው። ከዚያ ወዲህ የተቀየረው ዕቃ ሁሉ፣ የተፈታው ሞተር ሁሉ፣ በዚያ በሁለት ሽቦ ምክንያት ነው። መዞሩን እንጂ ወዴት እንደሚዞር ያየ ሰው አልነበረም። ሽቦዎቹን ፈትቶ አገላብጦ አሰራቸው፣ ያንኑ ወረቀት ለእኔ ሰጠኝና «አሁን አንቺ ያዢው» አለኝ። ወረቀቱ ከእጄ አምልጦ ራዲያተሩ ላይ ጥብቅ አለ።

ሌላም ነገር አስተካክሏል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ተሰነጣጥቆ ስለነበር አዲስ ገዛን። ጅማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 ገደማ ላይ ይፈላል፣ በግፊት ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው ብሎ አስረዳኝ። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ተብሎ የተጣለውን ቴርሞስታት፣ ማለትም እንደ ሞተሩ ሙቀት ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ በአዲስ ተክቶ አስገባ። ስለሱ ብዙ ነግሮኝ ነበር፣ ያን ያህል አልያዝኩትም። የያዝኩት እያንዳንዱን ነገር እያሳየ መሥራቱን ነው።

ከዚያ ሂጂ ብሎ አልለቀቀኝም። አብሮኝ ተሳፍሮ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት በዝግታ አስወጣኝ፣ ላይ ደርሰን ሞተሩ እንደበራ ቆምን። መርፌዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። ሂሳብ ስጠይቀው የዕቃውን ደረሰኝ ሰጠኝና ለእጁ 500 ብር አለኝ። ጨምሬ ስሰጠው «የሁለት ሽቦ ሥራ ነው እህቴ፣ አንቺ አስቀድመሽ ብዙ ከፍለሻል» ብሎ መለሰልኝ። የባጃጁን እንኳ አልቀበል አለ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል፣ አጋሮ እመላለሳለሁ፣ አዲስ አበባም ደርሼ መጥቻለሁ፣ አበልቲን ያለ ጀሪካን ወጥቻለሁ። አባቴ አሁን መንገድ ላይ ይተኛሉ። ሲነቁ ስለዚያ መካኒክ ይጠይቁኛል፤ ባለፈው የቡና ከረጢት ይዘውለት መጥተው ነበር፣ እሱም ተማሪዎቹን ሰብስቦ አስመረቃቸው።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ከሞቀች ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት ለዚህ ሰው አሳዩት። ሴቶች፣ ብቻችሁን ሂዱ፣ ያስረዳችኋል፣ ያከብራችኋል። ሥራ ስለሚበዛበት በጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። ስልኩን እዚህ ላይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ ለሁላችሁም እልካለሁ።