ከስህተቴ ማግስት የተደወለልኝ ስልክ፦ ስለ ባልደረባ ድጋፍ አገልግሎት

ስልኬ ሲጠራ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ቁጥሩን አላውቀውም። ላላነሳው ነበር፤ ከሌሊት ጀምሮ እየፈራሁ የምጠብቀው የአስተዳደርን ጥሪ ነበርና።

«ሲስተር፣ እንዴት አደርሽ? ከአንስቴዥያ ክፍል ነው የምደውለው። ለምርመራ አይደለም። ሌሊት የሆነውን ሰምቼ እንዴት እንደሆንሽ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። አሁን ማውራት ካልፈለግሽ ቆይቼ እደውላለሁ።»

ዛሬ የምጽፈው ይህን ጥሪ ስላመጣው አገልግሎት ነው። ሆስፒታላችን «የባልደረባ ድጋፍ» ይለዋል። ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ በኋላ ላይ እኔም ሠልጥኜ ከሚደውሉት አንዷ ሆኛለሁ። ስለዚህ አገልግሎቱን እወደዋለሁ። ያም ሆኖ ከአምስት አራት ነው የምሰጠው፤ አንዱን ለምን እንደቀነስኩ እነግራችኋለሁ።

አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። በዚያ ሌሊት ሁለት መሆን የነበረባቸው ታካሚዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በፓምፕ ኢንሱሊን ይወስዳል። ትዕዛዙ በሰዓት 1.5 ዩኒት ነው። እኔ ያስገባሁት 15 ነው። የፓምፑ የነጥብ ቁልፍ ከመነካት ብዛት ምልክቱ ጠፍቷል፤ ጠንከር አድርገው ካልተጫኑት አይሠራም። ያኔም አልሠራም። የጎን አልጋው ሞኒተር ይጮሃል። ስክሪኑን ደግሜ ሳላይ አስጀመርኩትና ወደዚያ ሮጥኩ። ፓምፑ አሮጌ ስለሆነ መጠኑ በዛ ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ነገር የለውም።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ስለካው እጅግ ዝቅ ብሎ 41 አለኝ። እጄ ቀዘቀዘ። ፓምፑን አቆምኩ፣ ሐኪሙን ጠራሁ፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጠነው። ተመለሰ። ከሦስት ቀን በኋላም ወደ ዋርድ ወጣ። ስህተቱ ለራሱም ለቤተሰቡም ተነገራቸው። የእኔ ጣት ግን እዚያ ቁልፍ ላይ ቀረ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ምልክቱ የጠፋው ቁልፍ ነው።

ጠዋት ርክክብ ላይ የነገርኳቸው ሁሉ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አሉኝ። በደግነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን «ያጋጥማል» ሲሉኝ ወሬው ያልቃል። የደወለልኝ ሰውዬ ይህን አላለም። «አሁን ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚመጣብሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ቁልፉን ነገርኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሉ?» አልኩ። «አለሁ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ የራሱን ነገረኝ፤ በአጭሩ፣ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። የኔን ታሪክ በራሱ ታሪክ አልሸፈነውም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዲገባኝ ያህል ብቻ። ቀጥሎ «ዛሬ ማታ ተረኛ ነሽ?» አለ። ነኝ አልኩት። «መግባት ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ መልስ ጠፋኝ። በ11 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። አስቤ እገባለሁ አልኩ፤ ግን ፓምፕ ስሞላ ሁለተኛ ሰው አብሮኝ እንዲያይ እፈልጋለሁ አልኩት። «በአንቺ ፈቃድ ለተረኛዋ ኃላፊ እነግራታለሁ» አለ። ማታ ስገባ ኃላፊዋ ምንም ሳትጠይቀኝ ፓምፑ አጠገብ መጥታ ቆመች። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እሷም ደገመችው። ይህን ለሁለት ሳምንት አደረግነው።

አልበርት ዉ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ነገር «ሁለተኛው ተጎጂ» የሚል ስም አውጥቶለታል። የመጀመሪያው ተጎጂ ታካሚው ነው፤ ሁለተኛው በስህተቱ ውስጥ እጁ ያለበት ባለሙያ ነው። ቃሉን የማይወዱ የታካሚ ቤተሰቦች አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደውም። የዚያ ታካሚ ልጅ ፊት ለፊት ቆሜ «እኔም ተጎጂ ነኝ» ማለት አልችልም። ቃሉ የሚገልጸው ነገር ግን አለ፤ ደርሶብኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስህተት ወይም የከባድ ሞት ሪፖርት ሲገባ አስተባባሪዋ ታየዋለች። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሌላ ክፍል የሆነ የሠለጠነ ባልደረባ ይደውላል። ነርስ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ አዋላጅ። ቴራፒስት አይደለም፤ እሱን መምሰልም የለበትም። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ በፍጥነት ያገናኛል። ይህ አካሄድ ለእኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ጤና አገልግሎት የጀመረው ቡድን በሦስት እርከን ነው የሚሠራው፦ በመጀመሪያ የክፍሉ ሰዎች፣ ከዚያ የሠለጠኑ ባልደረቦች፣ ከዚያ ባለሙያ። የእዚያው ሰዎች ባጠኑት ጥናት ላይ ከስህተት በኋላ የሚመጣው መጨረሻ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ሥራውን ይለቃል። አንዱ ይቆያል፣ ግን ቁስሉን ይዞ ነው። አንዱ ከነገሩ ተምሮ ይበረታል። እኔ ሦስቱንም ዓይነት ሰው አውቃለሁ። የለቀቁት ከሁላችንም ጎበዞቹ ነበሩ።

ትልቁ ነገር ራሳቸው መደወላቸው ነው። አቅሜ ባለቀበት ሰዓት ቁጥር ፈልጌ፣ «እርዳታ እፈልጋለሁ» ብዬ የምደውል ሰው አይደለሁም። ብዙዎቻችን አይደለንም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የስልክ ቁጥር አይቼ አውቃለሁ፤ ሲደወልበት ግን አላየሁም።

እኔ ያቀረብኩት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይሄ ፋይሌ ላይ ይጻፋል?» የሚል ነበር። ደዋዩ ሳይሸፋፍን ነገረኝ። «የምጽፈው መደወሌንና ቀኑን ነው። ያወራነው የትም አይጻፍም። ለሕይወትሽ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ግን ዝም አልልም፤ ያኔም አስቀድሜ ለአንቺ ነግሬሽ ነው።» ይህ ፍርሃት ቀላል አይደለም። የኒውዮርኳ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሎርና ብሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ራሷን ስታጠፋ፣ እርዳታ መጠየቋ የሥራ ፈቃዷን እንዳያሳጣት ትፈራ እንደነበር ቤተሰቦቿ ተናግረዋል። በ2022 በስሟ ሕግ ወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ስሟን በብዙ የማውቃቸው ሰዎች ስም ተካሁት።

ቀድሞ የሠራሁበት ሆስፒታል ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው። አንድ ሕፃን ረጅም ሲፒአር (የቆመ ልብን ደረት በመጫን ለመመለስ የሚደረግ እርዳታ) ተደርጎለት አረፈ። በማግስቱ ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰቡን። በየተራ ያየነውን እንድንናገር ታዘዝን። አንድ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ተራው ሲደርስ አፉ ተሳሰረ፤ ሁላችንም ዓይናችን እሱ ላይ ነው። እስኪናገር ጠበቁት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሕፃኑ ያነሳ ሰው የለም። በኋላ ላይ ሳነብ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚደረገውን የአንድ ጊዜ ብቻ ውይይት መርምሮት አገኘሁ። በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጠባሳ አይከላከልም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የአሁኑ አገልግሎት ለአንድ ሰው፣ በፈቃዱ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ አስበውበታል።

የአገልግሎቱ ሌላው ክፍል በወር አንዴ የሚደረገው የአንድ ሰዓት መድረክ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከኬኔት ሽዋርትዝ ነው። ጠበቃ ነበር፤ በሳንባ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1995 አረፈ። የሕክምና ባለሙያዎች እንደ ሰው ቀርበው የሰጡት ደግነት በሕመሙ ውስጥ ምን ያህል እንደደገፈው ጽፎ ነው የሄደው። በስሙ በተቋቋመው ማዕከል በኩል መድረኩ ወደ ብዙ ሆስፒታሎች ተዛመተ። ሦስት ሰዎች የገጠማቸውን ይናገራሉ። ሌላው ይሰማል። ስለ ሕክምናው ክርክር የለም፣ መፍትሔም አይፈለግም። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ጨንቆኝ ነበር፤ እኛ ችግር ሰምተን ዝም ማለት አልለመድንም።

አንድ ቀን የተናገረው ታካሚ የሚያመላልስ ሠራተኛ ነው። አስከሬን የሚያወርደውም እሱ ነው። ክፍላችን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ሊፍቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ዝም ካልኩ ይከብደኛል። ስለዚህ አወራቸዋለሁ። ስማቸውን ግን አላውቅም» አለ። አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ስንት ጊዜ አስከሬን አስረክቤዋለሁ! ወረቀት አስፈርሜ ወደ ቀጣዩ አልጋ ነው የምሄደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ክፍል ስንረካከብ የሟቹን ስም እንነግረዋለን። ይህ በመመሪያ የመጣ አይደለም። አንዷ ጀመረች፣ ሁላችንም ቀጠልን።

ጭንቀት ይቀንሳል የተባለ የስልክ አፕም ለሁላችንም በነፃ ተሰጠን። ስለ እሱ ብዙ አልልም። የመተንፈስ ልምምድ አለው፤ ልምምዱ መጥፎ አይደለም። ግን ሲፒአር ላይ እያለሁ «ዛሬ ስሜትሽ እንዴት ነው?» ብሎ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል። በዘጠነኛው ቀን አጠፋሁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ጫና ተሟጦ መዛልን) ሲተረጉመው በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ብሏል፤ በሽታ ሳይሆን የሥራ ክስተት ብሎ ነው የመዘገበው። አፑ ግን ጉዳዩን የእኔ ሳንባ ጉዳይ ያደርገዋል።

የማረፊያ ክፍሉ ጥሩ ነው። ሁለት አልጋ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ሌሊት 20 ደቂቃ ማሸለብ ምን ማለት እንደሆነ ተረኛ ያውቀዋል።

አሁን ወደቀነስኩት ነጥብ። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ሰዓት ነው። ደዋዮቹ የሚሠሩት ቀን ነው፣ መድረኩም እኩለ ቀን ላይ ነው። እኛ የሌሊቶቹ ያን ሰዓት ተኝተናል። ነገሩ የሚከብደው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለኮሚቴው ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ «እናየዋለን» ተብያለሁ።

ሁለተኛው ይብሳል። ጥሪው የሚመጣው በሪፖርት ነው። የጽዳት ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ያ በሊፍት የሚያወርደው ሰው ሪፖርት አይሞሉም። ስለዚህ ማንም አይደውልላቸውም። ደም የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። የሞተ ሰው ቤተሰብ ሲጮህ በር ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ይህ ሊታረም የሚችል ነገር ነው፤ ኃላፊዎቻቸው ስም እንዲልኩ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው ከአገልግሎቱ በላይ ነው። በየዓመቱ 22 ጥያቄ ያለው፣ በርንአውትን የሚለካ የማስላክ መጠይቅ እንሞላለን። አንዱ ክፍል ከሰው ጋር ያለን ስሜት መደንዘዙን ይለካል። እኔ መደንዘዜን ያወቅሁት «አልጋ 4 ሽንቱ ስንት ነው?» ስል ነው፤ አልጋ 4 መምህር ነበሩ፣ ስማቸውንም አውቀዋለሁ። መጠይቁን ሞላን፣ ውጤቱን ግን አላየንም። ሦስት ታካሚ ለአንድ ነርስ የሚደርስባቸው ሌሊቶችም አሁንም አሉ። ደዋዩ ይህን ሊቀይር አይችልም፣ ከእሱም አልጠብቅም። ግን «የባልደረባ ድጋፍ አለን» እየተባለ የተረኛ ቁጥር ጥያቄ ሲገፋ ያመኛል።

ፓምፖቹስ? ከሰባት ወር በኋላ ተቀየሩ። አዲሶቹ መጠን ሲያልፍ ይጮሃሉ። የቀየራቸው የእኔ ሪፖርት ከሌሎች ሪፖርቶች ጋር ተደምሮ ነው። ሪፖርቱን በሙሉ የጻፍኩት ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ነው፤ ጠዋት የሞላሁት ፎርም «የመጠን ስህተት» ብቻ ይላል። ስለ ነጥቡ ቁልፍና ስለ ሦስቱ ታካሚ ጨምሬ የጻፍኩት አውርቼ ከወጣልኝ በኋላ ነው።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው ዝም ማለትን በመለማመድ ነው። የመጀመሪያ ጥሪዬ ለአንዲት አዋላጅ ነበር። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝና በአራት ደቂቃ ዘጋችው። ያሰለቸኋት መሰለኝ። ደንቡ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ድጋሚ ደውዪ ይላል። ደወልኩ። «ደግመሽ ትደውያለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። ከዚያ አንድ ሰዓት አወራን።